ኩሬው የተገለበጠ ሰሞን

ዓሣዎቹ አፋቸውን ከውሃው በላይ አውጥተው ሲከፍቱና ሲዘጉ ያየች ጊዜ፣ አያልነሽ መጀመሪያ ያሰበችው ስለ ዓሣ አልነበረም። ያሰበችው ስለ ኪዳነ ነው። እንዲህ ያለች ሴት ናት፤ ነገር ሲመጣ ከምን መጣ ሳይሆን ከማን መጣ ብላ ነው የምትጠይቀው።

ጥቅምት ገና መግባቱ ነበር። እስከ ትናንት ሙቀቱ አልለቅም ብሎ ሰው በሸሚዝ ሲሄድ ሰንብቶ፣ ማታውን ከተራሮቹ በኩል የተነሳ ቀዝቃዛ ንፋስ ዴንቨር አጠገብ ያለችውን የአውሮራን ከተማ ዛፍ ሁሉ ሲያራግፍ አደረ። አያልነሽ ለጠዋት የሥራ ሽፍቷ ጃኬት ደርባ ወጣች። ከአፓርታማዎቹ ጀርባ አንዲት ትንሽ ውሃ አለች። አከራዮቹ ሐይቅ ይሏታል፤ አያልነሽ ግን ጣና አጠገብ ያደገች ናትና ኩሬ ከማለት አልፋ አታውቅም። ዝይ ይሰፍርባታል፣ ቅጠል ይረግፍባታል፣ አገር አማን ሲሆን ካርፕ የሚባለው ዓሣ ይዘልባታል።

የዚያን ዕለት ግን ክንድ የሚያህሉ ካርፖች ሆዳቸውን ወደ ሰማይ ሰጥተው ዳር ዳሩን ተኝተዋል። ያልሞቱት ከንፈራቸውን ከውሃው ጫፍ ላይ ለጥፈው እንደ ሰከረ ሰው ይንገዳገዳሉ። ውሃው አረንጓዴ የነበረው ጠቁሯል፤ የገማ እንቁላል፣ የገማ እንቁላል ይላል። ሽታው አፍንጫዋን ቢመታትም አልያዘችውም። የያዘችው ስካሩን ነው።

«ብርብራ!» አለች ብቻዋን።

ብርብራ በእሷ አገር በጉማራ ወንዝ ዳር የሚበቅል ዛፍ ነው። ፍሬውን አድርቀው ይወቅጡትና ዱቄቱን ውሃው ላይ ይበትኑታል። ዓሣው ትንፋሽ ያጥረዋል፣ ይሰክራል፣ ወደ ላይ ይወጣል። ከዚያ ወዲያ መረብም መንጠቆም የለ፤ በእጅ መልቀም ነው። አያልነሽ ልጅ ሳለች አባቷ ዓሣ በጋቢው ሙሉ ይዞ ሲመጣ፣ በመንጠቆ ነው የያዝኩት እያለ ለጎረቤት ሲምል ትሰማው ነበር። ብርብራ የሚወቀጥበት ሙቀጫ ግን እቤታቸው ጓዳ ውስጥ ነበር። ከወንዙ በታች ያሉ ሰዎች ከብቶቻቸውን ማጠጣት እየፈሩ፣ እየመጡም እየጮሁ፣ አባቷ ደግሞ እየማለ ነው ያደገችው። ወንድ ልጅ ዓሣ ይዞ እየሳቀ ሲመጣ የምትጠረጥር ብትሆን ምን ይፈረድባታል?

ኪዳነ ደግሞ ዓሣ ይዞ እየሳቀ መምጣት ልማዱ ነው።

ይህ ኪዳነ ታናሽ እህቷን ሮማንን ሊያገባ የፈለገው ሰውዬ ነው። ሮማን ሃምሳ ልትደፍን ምንም አልቀራት፤ ለአያልነሽ ግን ያው ሕፃን ናት። እናታቸው ስትሞት ሮማን ገና ድክ ድክ ትል ነበርና ያሳደገቻት አያልነሽ ናት። በሱዳን በረሃ እጇን ይዛ ያሻገረቻትም፣ ዴንቨር ያደረሰቻትም እሷው ናት። አያልነሽ ባል አግብታ ፈታለች፤ ሮማን ጭራሹን አላገባችም። ሁለቱ ባንድ ቤት ሲኖሩ፣ ባንድ ሶፋ ላይ እግራቸውን አጣጥፈው ቴሌቪዥን ሲያዩ፣ እንዲሁ እድሜ ሄደ። ሮማን የአዛውንቶች መጦሪያ ውስጥ ነው የምትሠራው። በዚያ ዓመት ከፋሲካ በኋላ ኪዳነ የሚባል የአስመራ ሰው፣ ሚስቱ የሞተችበት ታክሲ ነጂ፣ አንድ ቀን መኪናዋ ተበላሽታ ከሥራ ስትወጣ ሊፍት ሰጣት። መኪናዋ ብትጠገንም ሊፍቱ ከዚያ ወዲያ አልተቋረጠም።

ባለፈው እሑድ ሦስት ሽማግሎች ልኮ ሮማንን ከአያልነሽ አስጠየቀ። ሮማን ራሷ እሺ ብላው ሳለ በሽማግሌ መጠየቁ ለአያልነሽ ክብር ብሎ ነበር፤ እሷ ግን ክብሩንም ጠረጠረችው። ለምን አከበረኝ? ቀጠሮ ሰጠቻቸው፣ እስከ ሁለተኛው እሑድ። ቀጠሮ ለማሰብ ነው ይባላል፤ የእሷ ግን ለማጣራት ነበር። ሮማን ከዚህ ቤት ትወጣለች ወይስ ትቀራለች፣ ነገሩ ሁሉ ይኸው ነበር። ለማንም አትናገረውም እንጂ፣ ያ ሶፋ ለአንድ ሰው ብቻ ሲሆን እያሰበች በፍርሃት እንቅልፍ አጥታለች።

መጠርጠሩንስ ሥራዋም አስተምሯታል። አየር ማረፊያው ውስጥ ዊልቸር ትገፋለች። ወገቤ፣ ጉልበቴ ብለው የተቀመጡትን ሰዎች ከሰልፍ ሁሉ አሳልፋ ከአውሮፕላኑ በር ስታደርሳቸው፣ ሻንጣቸውን ይዘው እንደ ወጠጤ ዘለው ሲገቡ ስንቱን አይታለች። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የምትለው ተረት አፏ ላይ የቀረችው በዚያ ነው።

በኪዳነ ላይ ደግሞ ያላት ማስረጃ ትንሽ አይደለም። ሰውዬው በወጣትነቱ ባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠርቷል፤ አማርኛው ከእሷ አማርኛ ቢያምር እንጂ አያንስም። አንድ ቀን እማዕዷ ላይ ተቀምጦ፣ «እናንተ አገር እኮ በብርብራ ሲያጠምዱ በዓይኔ አይቻለሁ። ጉድ ነው!» ብሎ ሳቀ። ማን ጠየቀው? መስከረም ላይ ደግሞ የአክስቱ ልጅ ከአገር ቤት መጥቶ በላስቲክ የተጠቀለለ ነገር ሰጠው። ከዚያ በኋላ አያልነሽ በኩሽናዋ መስኮት ስታይ፣ ኪዳነ ኩሬው ዳር ቁጭ ብሎ ከአንድ ብልቃጥ ቢጫ ዱቄት በመዳፉ ሲያፈስ፣ በምራቁ ነገር ሲለውስ፣ ወደ ውሃው ሲወረውር ያዘችው። ቀና ሲል አያት። ብልቃጡን ኪሱ ከተተና ሰላምታ ሰጣት። ሰላምታው ረዘመባት።

ፊት ለፊት አንቱ ትለዋለች፤ በሆዷ አንተ ካለችው ግን ቆይቷል።

ስለዚህ በዚያ ጠዋት አያልነሽ አውቶቡሷን ትታ ወደ ቤት ተመለሰች። የግሮሰሪ ፌስታል አመጣች። ደህና የተኛ ካርፕ መርጣ ጠቀለለችና ፍሪዘር ውስጥ፣ ከቅቤው ጀርባ አስቀመጠችው። ባቡሩ ወደ አየር ማረፊያው ሲያደርሳት አርፍዳ ነበር፤ ግን እንዲያ ቀለል ብሏት ሥራ የገባችበት ቀን አልነበረም።

ማታ ሮማን በረዶ ልታወጣ ፍሪዘሩን ከፈተች።

«እትዬ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«ማስረጃ።»

«የምን ማስረጃ?»

«ኩሬውን አላየሽም?»

«አየሁ እንጂ። የአፓርታማው ኦፊስ ኢሜይል ልኳል፤ እያጣራን ነው ይላል።»

«እኔ ጨርሻለሁ» አለች አያልነሽ። ከዚያ ብርብራውን፣ ብልቃጡን፣ ከአገር ቤት የመጣውን ጥቅል፣ የረዘመውን ሰላምታ ሁሉ ደረደረችላት።

ሮማን መጀመሪያ ሳቀች። «ኪዳነ? ኪዳነ እኮ ዝንብ ሲገድል ይቅርታ የሚጠይቅ ሰው ነው! ደግሞ ዓሣውን ክሊን የማደርገው እኔ ነኝ። ሁልጊዜ ከንፈሩ ላይ መንጠቆ የወጋው አለ።»

«አባታችንም ዓሣዎቹን በመንጠቆ ይወጋቸው ነበር። ከሞቱ በኋላ።»

ሮማን አባቷን አታስታውሰውም። ስለ አባቷ የምታውቀው አያልነሽ የነገረቻትን ብቻ ነው። ሳቋ ቀረ።

«ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል እትዬ። ባትጎረጉሪው ይሻላል።»

«ዘንዶው እንደሆነ ወጥቶ ሽማግሌ ልኳል።»

«እትዬ!»

«እሺ፣ ብልቃጡ ውስጥ ያለው ምንድን ነው? ንገሪኝና ልተወው።»

ሮማን አታውቅም። አንድ ጊዜ ጠይቃው፣ «ሚስጥር ነው» ብሎ እንደሳቀባት ትዝ አላት፤ ትዝ እንዳላትም ፊቷ ላይ ታየ። አያልነሽ አየችው፤ ሌላ ምን ትፈልጋለች? ሽንኩርቷን መላጥ ቀጠለች።

በማግሥቱ ሮማን ከሥራ ስትመለስ ቦርሳዋን ሳታወርድ በር ላይ ቆመች።

«ጠየቅኩት» አለች።

«ምን አለ?»

«ምንም። ‘አንቺም?’ ነው ያለኝ። እቤት ድሮፕ አደረገኝና ሄደ።»

በአያልነሽ ሐሳብ ንጹሕ ሰው ይምላል፣ ይገዘታል፣ ይጮሃል። ዝም ያለ ሰው ያው የታወቀ ነው። አባቷ ይምል እንደነበር በዚያች ሰዓት አልታወሳትም። ሰው የሚያስታውሰው የሚጠቅመውን ነው።

እዚህ ላይ ብትቆም ነገሩ የቤት ሆኖ ይቀር ነበር። አልቆመችም። በ15 ቁጥር አውቶቡስ ኢስት ኮልፋክስ ወደሚባለው ጎዳና ሄዳ ከዓለምነሽ ግሮሰሪ ምስር ስትገዛ፣ ሆዷ ስላልቻለላት ነገሩን ተነፈሰች። «ለማንም እንዳትነግሪ» አለቻት። ዓለምነሽ ለማንም አልነገረችም፤ ለሁሉም ነገረች እንጂ። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነውና ኪዳነ የሰማው መጨረሻ ላይ ነው። አየር ማረፊያው ውስጥ ታክሲዎች ተራ የሚጠብቁበት ቦታ፣ የገዛ ጓደኞቹ «ብርብራ መጣ! ውሃችሁን ክደኑ!» እያሉ ሲስቁበት ሰማ። አብሯቸው ሊስቅ ሞከረ አሉ። ከዚያ ተራውን ትቶ ወጣ። ለሮማን መደወል አቆመ፤ ሮማንም አልደወለችለትም።

ሐሙስ አያልነሽ ዕረፍት ነበረች። በመስኮቷ ስታይ አንዲት ወጣት ፈረንጅ ሴት ጠፍጣፋ ጀልባ ኩሬው ላይ አንሳፍፋ፣ ጫፉ ላይ መሣሪያ የታሰረበት ረጅም ገመድ ወደ ውሃው ታወርዳለች። ታወርዳለች፣ ታያለች፣ ትጽፋለች፤ እንደገና ታወርዳለች። «እሰይ!» አለች አያልነሽ። ካርፗን ከፍሪዘር አውጥታ ወረደች።

ሴትዮዋ የአፓርታማው ኦፊስ የቀጠራት የውሃ ባለሙያ ነበረች። አያልነሽ ፌስታሉን ዘርግታ፣ «መርዝ ነው፤ ላብራቶሪ ይግባልኝ» አለቻት በእንግሊዝኛዋ። ሴትዮዋ በረዶ የሆነውን ዓሣ ተቀብላ አገላበጠችው፤ ለጨዋነት ያህል ነው የሚመስለው።

«መርዝ አይደለም» አለች። «ታፍኖ ነው የሞተው። አየር አጥሮት።»

«ዓሣ ውሃ ውስጥ ይታፈናል?»

«ውሃው ውስጥ አየር ከሌለ ይታፈናል።» ጀልባዋን ይበልጥ ወደ ዳር አስጠጋች። «የሙቀቱን ወራት ሙሉ ይሄ ኩሬ ሁለት ውሃ ነበር። ከላይ ፀሐይ ያሞቀው ቀላል ውሃ፣ ከታች ቀዝቃዛው ከባዱ። አንዱ ባንዱ ላይ ተኝተው አይደባለቁም። የላይኛው ከንፋሱ አየር ያገኛል። የታችኛው ግን ተዘግቶበታል፤ ቅጠሉም የዝይ ኩሱም እዚያ እየወረደ ሲበሰብስ የነበረችውን አየር ይጨርስበታል። እዚያ ታች ምንም አይኖርም። ዓሣዎቹ ያውቁታል፤ ላይ ላዩን ይኖራሉ።»

«እሺ?»

«ከዚያ ያ ብርድ መጣ። የላይኛው ውሃ ሲቀዘቅዝ ከበደ፣ ወደ ታች ወረደ፣ ንፋሱ ደግሞ አማሰለው። ውሃው ተገለበጠ። ሁልጊዜ በዚህ ወራት ይገለበጣል፤ ቀስ ብሎ ሲሆን ማንም ልብ አይለውም። በትንሽ ኩሬ፣ እንዲህ ባንዴ ሲሆን ግን ታች የተጠራቀመው ሁሉ ይወጣል። አሁን ከላይ ብለካ ከታች ብለካ ያው ነው፤ አየር የለም ማለት ይቻላል።»

አያልነሽ ጀልባዋን፣ መሣሪያውን፣ የሴትዮዋን ንጹሕ ቦት ጫማ ቃኘች። የቀጠረሽ ኦፊሱ አይደል፣ አለች በልቧ፤ የኦፊሱን ጉድ ልትሸፍኚ ነው። «ሰው ዱቄት ቢጨምርበትስ? እኛ አገር ዓሣ የሚያሰክር ፍሬ አለ» ብላ ስለ ብርብራው ነገረቻት።

ሴትዮዋ አልናቀችውም። እንዲያውም ከልቧ ሰማቻት። «እንዲህ ያለ ነገር መኖሩን አውቃለሁ» አለች። «ግን ለዚህ ኩሬ በብልቃጥ አይሆንም፤ በጆንያ ነው የሚያስፈልገው። ደግሞ በዚያው ሰሞን ጎልፍ ሜዳው ውስጥ ያለው ኩሬ እንዲሁ ሆኗል። ወደ ግሌንዴል ስትሄጂም አንድ አለ፣ እሱም ሞቷል። ሰውየሽ ሦስቱንም ነው የዞራቸው? ሽታውን አላሸተትሽም? የገማ እንቁላል? ያ ከሥር የወጣ ነው።»

አሽትታው ነበር። በመጀመሪያው ጠዋት፣ በመጀመሪያው ትንፋሽ አሽትታዋለች። በብርብራ የሞተ ውሃ እንዲህ እንደማይሸትም ከማንም በላይ ታውቃለች፤ ስንት ጊዜ ከአባቷ ኋላ ቆማ አይታዋለች! አውቃ ነው የተወችው። ሽታው ከኪዳነ ጋር አልሄደላትም፤ ስለዚህ ሽታውን ጣለችና ኪዳነን ያዘች።

ካርፑን መልሳ ተቀብላ የቆሻሻ ገንዳ ውስጥ ወረወረችው። እጇን ሁለት ጊዜ ታጠበች።

ማታ ሮማን ስትመጣ እነግራታለሁ አለች። ሮማን መጣች። ፊቷ ጠቁሯል፤ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ ሶፋው ላይ ጋደም አለች። ትብላ፣ ከዚያ እነግራታለሁ አለች አያልነሽ። ሮማን ጥቂት ቀማምሳ ተወችው። እንግዲህ ደክሟታል፣ ነገ ይሁን። ዓርብ ቴሌቪዥኑ ተከፍቶ ሁለቱም እንደ ጥንቱ እግራቸውን አጣጥፈው ተቀመጡ። ሳቅ ያለበት ፕሮግራም ነበር። በሳቁ መሐል ሮማን ማልቀስ ጀመረች። አያልነሽ አቀፈቻት። «አይዞሽ» አለቻት፤ «አይዞሽ የኔ እናት፣ ያልፋል።» ሮማን ራሷን ደረቷ ላይ ጥላ እንደ ልጅነቷ ተንሰቀሰቀች። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይሉት ይኼ ነው። መናገር ያሳፍራል፤ አያልነሽ ግን ደስ ብሏት ነበር። እህቷ ተመልሳላታለች። ሌሊቱን ግን በገዛ ራሷ ስታፍር አደረች። ቅዳሜ ሥራ ነበራት። ቅዳሜም አልነገረቻትም።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሎቹ መጡ። አንጋፋው አቶ ብርሃነመስቀል የቤተ ክርስቲያኑ ሰው፣ በሁሉም ዘንድ የተከበሩ ናቸው። ሁለተኛው አቶ ክፍሎም የኪዳነ የልብ ጓደኛ፣ እሳቸውም ሰባን ያለፉ የአስመራ ሰው። ሦስተኛው ኢሳይያስ ከሁለቱ በዕድሜ ያነሰ፣ ዝም ብሎ የሚቆም ሰው ነው። አያልነሽ ወንበር አቀረበች። አልተቀመጡም። ሽማግሌ መልስ ሳያገኝ አይቀመጥምና እንደ ወጉ ነው ብላ አለፈችው። ሮማን ኩሽና በሩ ላይ፣ ግማሽ ፊቷን ከግድግዳው አሳልፋ ቆማለች።

«ልጄ አያልነሽ» አሉ አቶ ብርሃነመስቀል፣ «ዛሬ የመጣነው መልስ ልንቀበል አይደለም። ጥያቄያችንን መልሰን ልንወስድ ነው።»

«እንዴት?»

«የላከን ሰው ነው እንዲቀር ያለን። የሚወራውን ሰምቷል። ‘በዚህ እድሜዬ በሁለት እህቶች መሐል ጠብ ሆኜ አልገባም፤ ሮማንም ከጠረጠረችኝ ምን ቀረኝ? ነገሩ ይቅር በሏቸው’ ብሎናል። አልተቀየመም፤ አዝኗል እንጂ።»

ይኸው። የፈለገችው ይኸው፤ በወጉ ተቀምሞ፣ በሽማግሌ ተይዞ፣ እቤቷ ድረስ መጣላት። እሺ ብሎ መቀበል ብቻ ነው። የሷ ጥፋት ሳይሆን የሰውዬው ፈቃድ ይሆናል። አያልነሽ አፏን ከፈተች፤ «እግዚአብሔር ያውቃል» የምትል ቃል አዘጋጅታ ነበር።

አቶ ክፍሎም ቀደሟት። «ይህን ግን እሱ አልላከኝም» አሉ፤ ከካፖርታቸው ኪስ ያንን ብልቃጥ አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። «በራሴ ነው ያመጣሁት። ጓደኛዬ ስሙ እንዲህ ሆኖ እንዲቀር አልፈልግም። ይሄ የዳቦ ፍርፋሪና አብሽ ነው። አብሹ ደግሞ አገር ቤት የተፈጨ፣ የአክስቱ ልጅ ያመጣለት። ካርፕ ለአብሽ ይሞታል ይላል። ሌሎቹ አጥማጆች ኮፒ እንዳያደርጉበት እኮ ነው እንደዚህ የሚደብቀው! ሞኝ ነው!»

ክዳኑን ከፈቱ። ጣታቸውን አጠቀሱ፤ ዱቄቱ በካፖርታቸው ላይ ረገፈ። አፋቸው ውስጥ ከተው ላሱት። ደረቅ ነውና አንቆ አሳላቸው፤ ኢሳይያስ ጀርባቸውን መታ መታ አደረገላቸው። ዓይናቸው እንባ እንዳቀረረ እንደገና አጠቀሱና እንደገና ላሱ። «አየሽ?» አሏት። «ቆሜያለሁ።»

እኚህ ሽማግሌ የዓሣ መኖ እየላሱ ሊያስረዷት የሚደክሙበትን ነገር አያልነሽ ከሐሙስ ጀምሮ ታውቀዋለች። እፍረቱ ከእግሯ ተነሥቶ ፊቷ ላይ ወጣ።

«ይተዉ አባቴ፣ ይተዉ» አለች ብልቃጡን ከእጃቸው እየወሰደች። «ማንም አልመረዘውም። ውሃው ራሱ ነው። ከሥር ያለው መጥፎው ውሃ ወጥቶ ነው ያፈናቸው። ባለሙያ መጥታ ለክታ ነግራኛለች። ሌሎች ኩሬዎችም እንዲሁ ሆነዋል። ኪዳነ ምንም አላደረገም። እኔ ነኝ ያስወራሁበት። ይቅር ይበሉኝ፤ እሱም ይቅር ይበለኝ።»

ሽማግሎቹ ተያዩ። አቶ ብርሃነመስቀል «እግዚአብሔር ይፍታሽ» ሊሉ ጀምረው ነበር፤ ሮማን ከኩሽናው ወጣች።

«መቼ ነው የነገረችሽ?»

«ማን?»

«ባለሙያዋ። መቼ ነው?»

ዛሬ ጠዋት ብትል ማን ያውቃል? አያልነሽ አሰበችው፤ በእርግጥ አሰበችው። ሮማን ግን ፊቷን እያየቻት ነበር፤ በዚያ ዓይን ፊት ውሸቱ አልወጣላትም።

«ሐሙስ።»

ሮማን ጃኬቷን ከወንበሩ ላይ አነሣች፤ አንዱን እጅጌ አጥልቃ ሌላውን ፈልጋ አጣችው፣ ኢሳይያስ ያዘላት። የመኪናዋን ቁልፍ ከጠረጴዛው ላይ ወሰደች። ከበሩ ስትደርስ ነው የዞረችው።

«ዓርብ ዕለት አቅፈሽኝ ነበር፣ አያልነሽ።»

አልጮኸችም። ከተወለደች ጀምሮ እትዬ ሳትል ስሟን ጠርታት አታውቅም ነበር። በሩን ቀስ ብላ ዘግታው ሄደች።

አያልነሽ ብልቃጡን እንደያዘች ቆመች። ከታች የመኪና ሞተር ሲነሣ ሰሙ። አቶ ክፍሎም በመሐረባቸው አፋቸውን እየጠረጉ ወደ ውጭ አዩና፣ «ወደ እሱ ነው» አሉ ለጓደኞቻቸው። አያልነሽ ነጠላዋን አስተካከለች። ወደ ሽማግሎቹ ዞራ፣ ድምጿን አጠንክራ፣ በወጉ እንደሚባለው አለች።

«ሰጥቻለሁ።»

ማንም እልል አላለም። አቶ ብርሃነመስቀል ወንበሩን ስበው አቀረቡላት።

«ልጄ፣ አሁንማ የምትሰጪው በእጅሽ የለም» አሏት። «ይልቅ አንቺው ቁጭ በይ።»